በወንዙ ዳር ስም አይጠራም

በላስታ፣ ከብልባላ በታች ባለው ሰፈራችን፣ በወንዙ ዳር የሰው ስም ጠርቶ የሚጮኽ የለም። ማዶ ያለ ሰው የፈለገ ያፏጫል፣ ወይም «እሁ!» ይላል፣ ካልሆነም ድንጋይ ከድንጋይ ያጋጫል። ልጆቼ ይህን እያዩ አደጉ፤ ምክንያቱን ግን ከኔ አልሰሙም። ዕድሜ ልኬን ውሸትን ስገሥጽ የኖርኩ ሰው ነኝ። የራሴን ውሸት ሳልናገር ብሞት ያ ሁሉ ተግሣጽ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ እጽፈዋለሁ፤ ስም ግን በጽሑፍም አልጠራም።

ፊደል የቆጠርኩት ብቻዬን ነው። በሬዎቹን ሳሳርፍ አንድ ተማሪ የጣለውን የተቀደደ መጽሐፍ አነብ ነበር፤ ያልገባኝን ገበያ የሚወርደውን ሁሉ እያስቆምኩ እጠይቅ ነበር። በደርግ ጊዜ ገበሬ ማኅበራችን ጸሐፊ ሲፈልግ ከኔ ሌላ የሚጽፍ አልተገኘም። የብሔራዊ ውትድርናው ዝርዝርም በእጄ ወደቀ።

ሊቀመንበሩ የወንድሙን ልጅ ዕድሜ እንድቀንስለት ለመነኝ። እምቢ አልኩት።

«የራስህን ልጅስ ትጽፋለህ?» አለኝ እየሳቀ።

የበኩር ልጄ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እዚያው ፊቱ ስሙን ከሁሉም በላይ ጻፍኩት። ጽድቅ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግማሹ ኩራት ነው። ሰው «የራሱን ልጅ እንኳ አልሸሸገም» እንዲለኝ ፈልጌ ነበር፤ ሰውም አለኝ። ሚስቴ ግን የልጁን ስንቅ ማዘጋጀት ጀመረች።

የሚሄዱ ዕለት ወጣቶቹን በማኅበሩ ደጅ አሰልፈን ዝርዝሩን ጮክ ብዬ አነበብኩ። የልጄን ስም ስጠራ «አቤት!» አለ። አጭር፣ ደረቅ፣ ቶሎ የተቆረጠ። ቤት ውስጥ ስጠራው እንደዚያ ብሎ አያውቅም፤ በአንድ ቀን ወታደር ሆኖ አገኘሁት። ከልጄ አፍ የሰማሁት የመጨረሻው ቃል ያ ነው።

ከሁለት ክረምት በኋላ የመንግሥት ጦር ከላይ እየተገፋ ወደ ወንዛችን ወረደ፤ ታጋዮቹ ከኋላው ነበሩ። ወንዙ ሞልቶ ነበር። መሻገሪያውን የምናውቀው እኛ ነን፤ ሁላችንም ግን ከብቶቻችንን ይዘን ዋሻ ገብተናል። ወታደሮቹ የሚጠይቁት ሰው ስላላገኙ ከነጫማቸው፣ ከነትጥቃቸው፣ ጥልቁ ላይ ገቡ። ሁለት ቀን ተኩስ ሰማን። በሦስተኛው ቀን ውሃው ብቻ ይሰማ ነበር።

ጎርፉ አሸዋው ላይ የተዋቸውን ቀበርን። ውሃ ፊታቸውን ለውጦታል። እኔ እያንዳንዱን ገልብጬ አየሁ፤ ልጄ ነው የምለው አላገኘሁም፤ አይደለም ብዬም የምምልበት አልነበረም። ቄሱ «ጌታ ሆይ፣ ስማቸውን አንተ ታውቃለህ» ብለው ጸለዩላቸው። ውሃ የወሰዳቸው ደግሞ ስንት እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። አንድ የቆሰለ ወታደር ከመሞቱ በፊት «የላስታ ልጆችም አብረውን ነበሩ» ብሎ ነገረን። የማን ልጆች እንደሆኑ አላወቀም። ራዲዮው ስለ ወንዛችን አንድም ቃል ሳይናገር ክረምቱ አለፈ።

ነገሩ የጀመረው ኅዳር ላይ ነው። አንዲት ጎረቤታችን እንጨት ለቅማ ስትመለስ ከወንዙ ወዲህ ቆማ፣ አህያውን እንዲያመጣላት ባሏን በስሙ ጠራችው። «አቤት!» የሚል ከማዶ ሰማች። ጠበቀች፤ የመጣ የለም። ባሏ ሲመሽ ከብልባላ ገበያ መጣ፣ በተቃራኒው መንገድ።

«መጀመሪያውኑ መጠርጠር ነበረብኝ» ትል ነበር ለሴቶቹ፤ «የኔ ሰውዬ በሕይወት ዘመኑ ተጠርቶ አቤት ብሎ አያውቅም!»

ሳቁ። ብዙ ግን አልሳቁም፤ ከሷ በኋላ ሌላ ሰው ሰማ፣ ከዚያም ሌላ። ሁልጊዜ ቀትር ላይ ነው። የወንድ ድምፅ ነው፣ አጭር፣ እንደ ወታደር የተቆረጠ። ቀስ በቀስ ሰው በወንዙ ዳር ስም መጥራት ተወ።

እኔ በዚህ ሁሉ ተቆጣሁ። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሰብስቤ «የገደል ማሚቶ ነው፤ አትሞኙ፤ አጉል እምነት ነው» ብዬ መከርኩ። ማታ ቤት ስገባ ሚስቴ እግሬን ሳላጥፍ ያዘችኝ።

«ሂድና ጥራው» አለችኝ።

«ማንን?»

«ማንን ይለኛል! የጻፍከውን ነዋ።»

«የገደል ማሚቶ ነው እያልኩሽ!»

«የገደል ማሚቶ የተጠራውን ይመልሳል እንጂ አቤት አይልም። አንተ የተማርክ አይደለህም እንዴ? ሂድ ጥራው። አቤት ካለህ አልቅሼ እርሜን አወጣለሁ፣ ተዝካሩንም አወጣለሁ። ዝም ካለህ እጠብቀዋለሁ። ከሁለት ያጣሁ ሆኜ ግን አልኖርልህም።»

በማግስቱ ቀትር ወረድኩ። ውሃው ጎድሎ ጠርቷል፣ ከጉልበት አያልፍም። ማዶ የማን እንደሆነች የማላውቃት አህያ ቆማ ጆሮዋን ወደ ውሃው ቀጥ አድርጋለች። ወፍ አይሰማም። ልጠራ አፌን ከፈትኩ፤ ስሙ ጥርሴ ላይ ደረሰ።

እውነቱን እጽፋለሁ። ዝምታው ሰው የሌለበት ቦታ ዝምታ አልነበረም። አውቀዋለሁ። በማኅበሩ ደጅ ወረቀቱን ስዘረጋ ወጣቶቹ ዝም የሚሉት ዝምታ ነበር፤ እያንዳንዱ የራሱን ስም እስኪሰማ ትንፋሹን ይዞ። አንድ ስም ብጠራ ማን እንደሚመልስልኝ አላውቅም። ያቺን አጭር «አቤት!» ደግሞ ከሺህ ድምፅ መካከል እለያታለሁ። አፌን ዘጋሁ። ወደ ኋላዬ ሳላይ ዳገቱን ወጣሁ።

ሚስቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«ጠራሁት» አልኳት፤ «አልመለሰም።»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «በየትኛው ስሙ?»

«ስንት ስም አለው?»

«አንተ በመዝገብ በጻፍከው ነው ወይስ እኔ ባወጣሁለት?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። «በጻፍኩት» አልኩ።

«በዚያማ ጠርተው ወሰዱት። በዚያ ተጠርቶ ለምን ይመለሳል?» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወረደች።

ተከትያት ገደሉ አፋፍ ላይ ቆምኩ። ከታች ነጠላዋ እንደ እፍኝ ጥጥ ሆና ትታየኛለች። እናት ብቻ በምትጠራበት በዚያ ስም ሦስት ጊዜ ስትጠራው ሰማሁ። ነፋሱ ከኔ ወደ እሷ ይነፍስ ስለነበር ሌላ የሰማሁት የለም። ከሦስተኛው በኋላ ራሷን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጋ ብዙ ቆመች። የሚያወራትን ሰው የምትሰማ እንጂ መልስ የምትጠብቅ አትመስልም ነበር። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

«እህስ?» አልኳት።

«አልመለሰም» አለችኝ። እኔ ስዋሻት እሷን ባየሁበት ዓይን አየችኝ።

አላለቀሰችም፣ ተዝካርም አላወጣችም። ጦሩ ተበትኖ የሰው ሁሉ ልጅ በእግሩ ወደየቤቱ ሲመለስ መንገድ ላይ ወጥታ አልጠበቀችም። ውሃ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከላይ ካለው ምንጭ ነው የምትቀዳው። ምንጩ ከወንዙ ሦስት እጥፍ ይርቃል፤ በበጋ ደግሞ ጠብ እስኪል ወረፋ ይዞ መዋል አለ። ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት እሷም ትጠይቀኛለች። ውሸት አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሲሆን እንደ ግድግዳ ይቆማል፤ አንዱን የነካ ጣሪያውን በራሱ ላይ ያወርዳል። ይህን የምጽፈው ልጆቼ እንዲማሩበት እንጂ እኔ ተምሬበት አይደለም።

አንድ ዓመት ምንጩ ደርቆ፣ እሷም ጉልበቷን አሟት ተኝታ ሳለ፣ ሳልነግራት ከወንዙ በጀሪካን ቀድቼ መጣሁ። በጣሳ ሰጠኋት። ከንፈሯን አስነክታ አቆመች። ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣችና ደጅ ወጣች፤ ጎንበስ ብላም ውሃውን አፈሩ ላይ አፈሰሰችው፣ በቀስታ፣ ውሃው ውስጥ የሚያመው ሰው ያለ ይመስል።