ቅቤ የተቀባው ጸጉር

ትናንት ዓዲ ሓቂ ሰፈር ያለ ጸጉር ቤት ተቀምጬ፣ ጸጉር ሠሪዋ ታጥቦ የደረቀውን ጸጉሬን በፕላስቲክ ማበጠሪያ ስትስበው ተንጣጣ። ወዲያው ልጅነቴ መጣብኝ።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። የፊዚክስ የቤት ሥራችን ስለ ሙቀትና ስለ ኤሌክትሪክ መስክ ነበር። በማግስቱ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ላስረዳ ተመድቤያለሁ፤ አንዱም ግን አልገባኝም። ግቢያችን ተከራይቶ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የጅማ ልጅ፣ እንደ ታላቅ ወንድም «አያ ሙራድ» የምለው፣ «ማበጠሪያ አምጪ» አለኝ። ጸጉሬ ላይ ደጋግሞ አሸውና ወደ ወረቀት ቁርጥራጮች አስጠጋው። ወረቀቱ ንቅንቅ አላለም።

ግራ ገብቶት ማበጠሪያውን አሸተተው። ለካ ቅቤ ነው!

«ዋይ አነ! ለበዓል እንጂ ለፊዚክስ መቼ ቀባኋት?» አለች እናቴ ከበሩ ላይ።

አያ ሙራድ በሳቅ ፈረሰ። በግንባሬ የሚወርደውን ቅቤ እያሳየኝ፣ «ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል፤ ቅቤውን ያቀለጠው ራስሽ ነው። አንዱ ጥያቄ ተመለሰ!» አለ። ከዚያ ማበጠሪያውን በሳሙና አጥቦ፣ አድርቆ፣ የራሱን ጎፈሬ አበጠረበት። ወረቀቶቹ እየዘለሉ ተለጠፉበት! ጮህኩ።

«አየሽ፣ ማበጠሪያው ዙሪያ ያለው ቦታ ባዶ አይደለም፤ የኤሌክትሪክ መስክ የሚሉት እሱን ነው» አለኝ።

ነገሩ የገባኝ በግማሽ ነበር። ግን አየሩን በጣቴ ዳሰስኩት፤ እስኪነጋም ቸኮልኩ።

«እህቴ፣ ቅቤ ላድርግልሽ?» አለችኝ ጸጉር ሠሪዋ፣ ከሐሳቤ እየመለሰችኝ።

«ቆይ» አልኳት፣ «መጀመሪያ ትንሽ ወረቀት ቅደጂልኝ።»