ግልባጭ፦ ለቤተ ክርስቲያን

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ጋሽ ሳሙኤል ሦስት ነገር አስረከቡኝ፦ የሜትር ገመድ፣ የማስጠንቀቂያ ጥራዝ እና አንድ ምክር። «ለሥጋ ቤት ጻፍ፤ ለሻይ ቤት ጻፍ። ለመንግሥት ቤት ግን በቃል ንገር» አሉኝ። ሳኒቴሪያን፣ የንጽሕና ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ለአራት ዓመት የሶዶን መንገድ ሥጋ ቤቶች አስለቀስኩ።

ከዚያ አንድ ክረምት በሻንቶ አቅጣጫ ባለች ቀበሌ ሰው በተቅማጥና በትውከት ይወድቅ ጀመር። ሁሉም የሚቀዳው ከአንድ ምንጭ ነው። ከምንጩ በላይ የወረዳው አስተዳደር ግቢ አለ፤ የመጸዳጃ ጉድጓዱ ሞልቶ ቁልቁል ይፈስሳል። ገመዴን ዘረጋሁ። ሠላሳ ሜትር መራቅ የነበረበት ጉድጓድ አሥራ ስምንት ላይ ተገኘ።

የምንጩ ጎረቤት ወይዘሮ ባልቴ ቆመው ያዩኛል።

«ልጄ፣ ገመዱ ምን አለ?»

«ቅርብ ነው አለ፣ እናቴ።»

«እሱንማ አፍንጫችንም ብሏል» አሉኝ። ባላቸው ከትናንት ጀምሮ ታመው ተኝተዋል።

«አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ፤ ክሎሪንና ግሉኮስ ጠየቅሁ። አስተዳዳሪው አቶ ጳውሎስ አስጠሩኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ።

«ወንድሜ፣ ይቺ ቃል ዞን ከደረሰች ግምገማ ላይ ነው የምንከርመው። ‹የሆድ መታወክ› ብትላት ምን ይጎድላል? መጸዳጃውንም ተወው፤ በጀት ሲመጣ እናያለን።»

የደረጃ ዕድገት እየጠበቅሁ ስለነበር ምንም አይጎድልም አልኩ። ሆዱ ለታወከ ሰው ክሎሪን አይጠየቅምና «ተገቢው መድኃኒት ይላክልን» ብዬ አስተካክዬ ፈረምኩ።

ዞን ታዛዥ ነው። በሳምንቱ ሁለት ካርቶን የጨጓራ ኪኒን ላከልን።

ካርቶኑን ስከፍት ሳቄ መጣ፤ ወዲያው አፈርኩ። ለዞን ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ በሽታውን በስሙ፣ ጉድጓዱን በባለቤቱ ስም፣ ከብክለት አዋጁ ጋር።

«ለመንግሥት ቤት?» አሉ ጋሽ ሳሙኤል።

«መንግሥትም ሽንት ቤት ይገባል፣ ጋሼ።»

ሰው ውሃ አፍልቶ እንዲጠጣ ብዬ ለቀበሌዋ ቤተ ክርስቲያንም ግልባጭ አደረግሁ። እኛ አገር ግልባጭ የደረሰው መሥሪያ ቤት ፋይል ያደርጋል። ቤተ ክርስቲያኗ ግን የፋይል ሳጥን የላትም፤ የመጣላትን ታነብባለች። እሑድ ከስብከት በኋላ ደብዳቤው ከነቁጥሩ፣ ከነማኅተሙ ወደ ወላይትኛ እየተመለሰ ተነበበ። አቶ ጳውሎስ የምእመናኑ ሽማግሌ ስለሆኑ ፊተኛው ወንበር ላይ ነበሩ። «የአስተዳደሩ መጸዳጃ» ሲባል ጉባኤው በሙሉ ማጅራታቸውን አየ።

ሰኞ ጉድጓዱ ታሸገ። የአስተዳደሩ ሠራተኛ ሁሉ መጸዳጃ ፍለጋ ጎረቤት ሲለምን ሰነበተ። ረቡዕ ክሎሪኑ ደረሰ።

ይህን ሳወራ ባልደረቦቼ ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ። የወይዘሮ ባልቴ ባል ግን የሞቱት በሁለቱ ደብዳቤዎች መካከል ነው። የመጀመሪያውን የፈረምኩት እኔ ነኝ። በዚህ ሙያ ለምትከተሉኝ፦ የበሽታውን ስም በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ጻፉ።