ጉድጓዱ ሳይተነፍስ

አባይነህ ሳህሉ «የሰማይ ነገር አውቃለሁ» ብሎ አፉን ሞልቶ ተናግሮ አያውቅም፤ እንዲያ ያደረገው ሰው ነው። በየካቲት መጨረሻ ደመና ከሐረር በላይ ሐኪም ጋራ አናት ላይ መቆለል ሲጀምር፣ ከከተማው መግቢያ ሸዋ በር ላይ የሚያገኘው ገበሬ ሁሉ «እንዝራ ወይስ እንቆይ?» ይለዋል። እሱ ደግሞ ወዲያው አይመልስም። ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ሽቅብ ያያል፤ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ሚስቱ ሮማነወርቅ አጠገቡ ካለች «ጀመረው እንግዲህ» ብላ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች። ሲገጥምለት አገር ያወራለታል፤ ሳይገጥምለት ሲቀር ሰው ይረሳለታል። ብዙ ዓመት በዚህ ኖረ፤ ክፉ ኑሮም አልነበረም።

አያቱ ከመንዝ ተነሥተው ከጦሩ ጋር ሐረር የገቡ ወታደር ነበሩ። ከሐኪም ጋራ ሥር የተሰጣቸው መሬት ሰፊ ነበር ይባላል። ወንድማማች ሲካፈለው፣ ሙግት ሲሸራርፈው ቆይቶ አባይነህ እጅ ሲደርስ ግን ሁለት ጥማድ ቢሞላ ነው። ቤታቸው ከተማ፣ እርሻቸው ከከተማ ውጭ ስለሆነ የሸዋ በር ሰው «ባላገሩ» ይለዋል፤ የሐኪም ጋራ ሰው ደግሞ «ከተሜው» ይለዋል። እሱ ለሁለቱም አቤት ይላል።

አባቱ በጦርነቱ ጊዜ እንደወጡ ቀሩ። እናቱ ጣሊያን በወጣ በዓመቱ ሲሞቱ ታናሽ ወንድሙ ሥራዬ የወተት ጥርሱን እንኳ አልነቀለም ነበር። አባይነህ ያኔ ሚስት አላገባም። ልጁን ራሱ አጥቦ፣ ራሱ አብልቶ፣ ትከሻው ላይ አድርጎ እርሻ እያወጣ አሳደገው። ለአቅመ አዳም ሲደርስም በለጡ የምትባል የጨዋ ልጅ አጭቶ ዳረው፤ ከጓሮው ጎጆ ቀለሰለት። ሥራዬ ሁለት ልጅ ወልዶ፣ ጢሙ ሞልቶ እንኳ ታላቁን «ጋሼ» እያለ አንቱ ይለዋል። ለአባይነህና ለሮማነወርቅ እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም። ስለዚህ ሥራዬ ወንድምም ልጅም ነበረ።

በዚያ አገር የማሽላን ዕድል የሚቆርጠው በልጉ ነው። ማሽላ በበልግ ዝናብ መሬት ገብቶ፣ ክረምቱን ጠጥቶ፣ ኅዳር ላይ ነው የሚቆረጠው። ዘግይቶ የዘራ ሰው ዛላው ሳይሞላ ዝናቡ ጥሎት ይሄዳል። ቸኩሎ የዘራ ደግሞ በልጉ ካታለለው ቡቃያውን ለፀሐይ ያስበላል። ለዘር የሚሆነው ዛላ ተመርጦ ከማድቤቱ ጭስ በላይ ይሰቀላል፣ ነቀዝ እንዳይደርስበት። የሚበላው እህል ግን መሬት ውስጥ ይቀመጣል፤ አንገቱ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ጉድጓድ ይቆፈርና አፉ በእንጨትና በድንጋይ ተገጥሞ በጭቃ ይመረጋል።

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ መጨረሻ ነው። በሁዳዴ መያዣ ዝናብ መጣ። ነጎድጓድ የለው፣ በረዶ የለው፤ ዝም ብሎ ለቀናት መሬቱን አራሰው። ሰዎች እንደ ልማዳቸው አባይነህን ጠየቁት። በዚያ ዓመት ጉሮሮውን እንኳ አልጠረገም።

«ዝሩ!» አለ። «ምን ትጠብቃላችሁ?»

እሱ ራሱ ከጭሱ በላይ የነበረውን ዘር አንድ ዛላ ሳያስቀር አውርዶ ዘራ። ወትሮ ግማሹን ያስቀር ነበር። ዘንድሮ ምን ነካው ቢባል፣ ደስታ ነው የነካው። ከርሞ የደረቀ አፈር ውኃ ጠጥቶ ሲሸት ገበሬ የሚሆነውን ይሆናል፤ ያንን ሽታ የማያውቅ ሰው ባይፈርድበት ጥሩ ነው።

ድንበርተኛው አሜ ብቻ ሳይዘራ ቀረ። ብልጠት እንዳይመስላችሁ፤ አንደኛው በሬው እግሩ አብጦ ተኝቶበት ነው። አሜና አባይነህ ከልጅነታቸው ጀምሮ ድንበር ለድንበር ያረሱ፣ ፋሲካና ኢድ የሚጠራሩ ሰዎች ናቸው። አባይነህ ሸዋ በር ላይ ሰው መሃል ሲያገኘው «አሜ፣ የተኛው በሬው ነው ወይስ አንተ?» አለው። ሰው ሳቀ። አሜም አብሮ ሳቀ፤ «ተው አቦ! አላህ ያውቃል» ብሎ አለፈ። ሁለት እርምጃ እንደሄደ ግን ሳቁ ከፊቱ ላይ እንደጠፋ ያየ አይቶታል።

ቡቃያው ወጥቶ እርሻውን አለበሰው። ከዚያ ዝናቡ ቆመ። ሳምንት ሞላ፣ ሁለተኛው ተከተለ፤ መጋቢት እንዳለ ሰማዩ እንደጠራ ቀረ። ከኤረር በኩል ደረቅ ነፋስ ይነሣና ቀኑን ሙሉ ሲያራግብ ይውላል። ቡቃያው መጀመሪያ ጫፉን አጠፈ፣ ቀጥሎ ተጠቀለለ፣ በመጨረሻ በእጅ ሲነኩት የሚደቅ ሆነ። አባይነህ በየቀኑ እየሄደ ዳር ላይ ቁጭ ይላል። ሥራዬ «ጋሼ፣ ምን ያደርጉለታል? ይነሡ እንጂ» ይለዋል። አይነሣም።

ከኀዘኑ ይልቅ ኀፍረቱ ባሰበት። የእሱን ቃል ሰምተው የዘሩት ሰዎች ቡቃያም ነደደ። ማንም በክፉ አልተናገረውም፤ ግን የሚጠይቀው ሰው ጠፋ። ከሸዋ በር ገበያ ላለማለፍ ብሎ በኤረር በር ዞሮ መውጣት ጀመረ፤ ያን ሁሉ መንገድ።

«አሜን ዘር ጠይቀው» አለችው ሮማነወርቅ አንድ ቀን። «የእሱ ዘር እንደተሰቀለ ነው።»

«እኔ? ሰው መሃል የሳቅሁበትን ሰው?»

«የሳቅህበት እሱ ረስቶታል።»

«እኔ አልረሳሁትም» አለ አባይነህ፤ በዚሁ አበቃ። ሰውየው ደግ ነበር፣ ታታሪ ነበር፤ አንገቱ ግን የማይታጠፍ ነበር። ይህን ሳስብ እስካሁን ያናድደኛል።

ከፋሲካ በኋላ፣ በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን፣ ማንም ሳይጠብቀው ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ሲነጋ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ወጣች። እንዲህ ያለ ርጥበት ለአንድ ቀን፣ ቢበዛ ለሁለት ቀን ነው፤ ያ ነፋስ ከተነሣ ይመጠዋል። ወራቱም እየገፋ ነበር። የዚያን ቀን ያልዘራ ዓመቱን የሰው እጅ ሲያይ ይከርማል፤ ሥራዬ ደግሞ ሁለት ልጆች አሉት። አባይነህ ወንድሙን ቀስቅሶ በሬዎቹን ነድተው ወጡ። ከእርሻው ራስ ላይ፣ ከቁልቋሉ ሥር፣ ግማሽ የቀረው የምግብ ጉድጓድ ነበረ። የጉድጓድ እህል ለዘር እምብዛም ነው፤ ሙቀቱ ፍሬውን ይገድለዋል። ቢሆንም ከመሃሉ የወጣው ግማሹ ይበቅላል፣ አጥብቆ መዝራት ነው ብሎ ቆረጠ።

ጉድጓድ አከፋፈት ሥርዓት አለው፤ አባይነህ ደግሞ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ማታ ይከፈትና አድሮ ይተነፍሳል፤ ውስጡ የታፈነው አየር ሰው ይገድላልና። ጎረቤት ይጠራል። ኩራዝ በገመድ ይወርዳል፤ ኩራዙ ከጠፋ ማንም ድርሽ አይልም። የሚገባውም ሰው ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰርለታል። ረጅሙ ገመድ ያለው አሜ ቤት ነበር፤ ሁልጊዜም ከእሱ ነው የሚዋሱት። ጎረቤት ከተጠራ ግን አባይነህ ሳህሉ፣ ያ «ዝሩ» ባዩ፣ ዘር አጥቶ የሚበላውን ሊዘራ እንደሆነ አገር ያያል። ስለዚህ ማንንም አልጠራም።

ጭቃውን ፈነቀሉ፣ ድንጋዩን አነሡ፣ እንጨቱን ሳቡ። ሞቅ ያለ የእርሾ ዓይነት ሽታ ወጣ። አባይነህ ጋቢውን አውልቆ ጉድጓዱ አፍ ላይ አራገበ። ከዚያ ተቀምጠው ጠበቁ። ፀሐይዋ እየጠነከረች ሄደች። የእርሻው ላይኛው ዳር ከጥቁርነት ወደ ቡናማነት ሲለወጥ በዓይናቸው ያዩታል። ነፋሱ ተነሣ።

«ጋሼ፣ ይበቃዋል?» አለ ሥራዬ።

አባይነህ ጉድጓዱን አየ፤ መሬቱን አየ።

«ይበቃዋል። ግባ» አለ።

ሥራዬ ቀጭን ነው፤ በጠባቡ አንገት ቶሎ ሾለከ። የመጀመሪያውን ቅርጫት ሞልቶ ሽቅብ አቀበለው። «ደህና ነው፣ አልሻገተም» ሲል ድምፁ ተሰማ። ሁለተኛውን ሊሞላ ጎንበስ አለ። አባይነህ እጁን ዘርግቶ ቅርጫቱን ሲጠብቅ ምንም አልመጣም። «ሥራዬ» ብሎ ጠራ። ደግሞ ጠራ። አጎንብሶ ሲያይ ወንድሙ እህሉ ላይ በደረቱ ተኝቷል።

ዘሎ ሊገባ ሞከረ፤ ትከሻው የጉድጓዱ አንገት ላይ ያዘው። ልብሱን ቀዶ በግድ ራሱን ሲያስገባ ዓይኑ ጨለመበትና ወደ ኋላ ወደቀ። ያኔ ነው የጮኸው። ሰው አልጠራም ያለ ሰው ሐኪም ጋራን የሚያናውጥ ጩኸት ጮኸ። አሜ ከቤቱ ገመዱን ይዞ እየሮጠ መጣ፤ ሌሎችም ደረሱ። በሜንጦ ልብሱን ይዘው ስበው፣ በገመድ አስረው አወጡት። አሜ ደረቱን አሻሸ፣ ውኃ ረጨ፣ ስሙን እየጠራ ፊቱን መታ። አልሆነም። የሥራዬ ጢም ላይ የማሽላ ፍሬ ተጣብቆ ነበር፤ አባይነህ አንድ በአንድ ሲለቅምለት ማንም ተው አላለውም።

መድኃኔዓለም ተቀበረ። አባይነህ በቀብሩ ላይ አላለቀሰም፤ ሰው ይህን ሲያይ ፈራለት። ለቅሶ ቤት ከድንኳኑ ማዕዘን ተቀምጦ ምግብ ሲያቀርቡለት ይገፋል። በለጡ ፀጉሯን ተላጭታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣለች፤ ዓይኑን ወደዚያ አላዞረም። ምን ብሎ ያያታል? «ግባ» ያለው እሱ ነው። ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም፤ አለመኖሩ ደግሞ አላቀለለትም።

በሥልስቱ ጠዋት እንደገና ዘነበ። ዝናቡ ሲያባራ አሜ መጣ። በጭስ የጠቆረ የማሽላ ዛላ እስር ተሸክሟል። ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ አባይነህ ፊት አስቀመጠውና ተንበርክኮ ተቀመጠ።

«ዘርህ የደረቀ ጊዜ ነው ከጭሱ አውርጄ ለብቻው ያሰርኩልህ፤ ወላሂ» አለ። «ይመጣል፣ ይጠይቀኛል እያልኩ ጠበቅሁህ። እኔ ላምጣልህ ብል ደግሞ፣ ሊስቅብኝ መጣ ትላለህ ብዬ ተውኩት።»

አባይነህ እስሩን አየ። አሜን አየ። ከዚያ ወንድሙ ከሞተ ጀምሮ ያልወጣ እንባ ወጣ፤ ትልቅ ሰውዬ እንደዚያ ሲንሰቀሰቅ ማየት ከባድ ነው። «እኔ ነኝ ግባ ያልኩት» አለ። «ይበቃዋል ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን ዘር አልነካም፤ መሬቱም ጦም ይደር።» አሜም ራሱን በሁለት እጁ ይዞ አብሮት አለቀሰ።

የተነሣችው በለጡ ናት። ሴቶቹ ሊያስቀምጧት ሞከሩ፤ አልሰማቻቸውም። መጥታ እስሩን አነሣችና ደረቷ ላይ ያዘችው።

«ይነሡ፣ ጋሼ» አለች። ድምፏ በልቅሶ ተዘግቷል። «ርጥበቱ ሊያልፍ ነው።»

«በለጡ፣ እኔ እኮ...»

«ሰምቻለሁ። አሁን ምን ልበልዎ? ሌላ ቀን እጮኽብዎታለሁ፤ ሌላ ቀን እረግምዎት ይሆናል። ዛሬ ግን ካልተዘራ ልጆቹ ለከርሞ የሚበሉት የላቸውም።»

እናም በሥልስቱ፣ ሰው ያለውን ይበል ብለው፣ ወደ እርሻው ወጡ። አሜ የዳነውን በሬውን ጨምሮ የራሱን ጥማድ አመጣ፤ ሌሎቹም ጎረቤቶች እየመጡ ከላይኛው ዳር ያዙ። አባይነህ ጉድጓዱ ካለበት ራቅ ብሎ ከታችኛው ዳር እርፉን ጨበጠ። ወትሮ ከኋላው እየተከተለ ዘሩን ትልም ውስጥ የሚጥለው ሥራዬ ነበረ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ይህ ሥራ የእሱ ነው። አሁን ቁናውን ታቅፋ የተከተለችው በለጡ ናት።

አንድ ትልም ሄዱ፤ ተመለሱ። ሁለተኛውን ያዙ። አባይነህ ዓይኑን ከበሬዎቹ አላነሣም፤ ከኋላው በርጥብ አፈር ላይ እግር ሲረግጥ ይሰማዋል። ትልሙ መሃል ሲደርሱ እርምጃው የፈጠነ መሰለው።

«ቀስ በል፣ ሥራዬ» አለ፣ ሳይዞር።

በለጡ እርምጃዋን ቀንሳ ዘሩን መጣል ቀጠለች።