በጠበል የታጠበው ሦስት ማዕዘን

ከሰው ቤት ሥራዬ ስመለስ የክፍላችን ግድግዳ ተጽፎበት አገኘሁት። የምንኖረው በሰው አገር፣ ካርቲየ 4 በሚሉት ሰፈር ነው፤ ግድግዳችን ሰማያዊ የተቀባ ጣውላ ነው። ልጄ በረዶ ልትገዛ ወጥታ ነበር። ሦስት ማዕዘን፣ አጠገቡ ሌላ ሦስት ማዕዘን፣ ጥጋቸው ላይ ዓይን የመሰለ ክብ፣ መሃሉን መስመር የሰነጠቀው። አንዲት ዓሣ የምትመስል ምልክትም አለች። ከሥራቸው ቁጥሮች፣ ከቁጥሮቹ ራስ ላይ ደግሞ ትንንሽ ክቦች።

እኔ ፊደል ከቆጠርሁ ወዲያ አልገፋሁም። አገሬ ሳለሁ ግን ከታማሚ አንገት የወረደ ክታብ ሲፈታ አይቻለሁ፤ ዓይን ነበረበት። ልጄ በማግስቱ የብረቬ ፈተና አለባት። ካላለፈች ሊሴ የሚሉት ከፍተኛው ትምህርት ቤት አትገባም፤ ካልገባች እንደኔ የሰው ወለል ልታጥብ ነው። ሰሞኑን ደግሞ እህል አልወርድ ብሏት ለብቻዋ ታጉረመርማለች። አንድ ሰው አሠርቶባታል ብዬ ቁርጥ አደረግሁ።

ጎረቤቴን ጠራኋት። የድሬዳዋ ልጅ ናት፣ ጨርቅ የምትነግድ ሙስሊም።

«የናንተ ሰው ጽፎት ይሆን?» አልኳት።

«ዐረብኛ እንዲህ አይጻፍም አቦ። የናንተ ደብተራ እንዳይሆን።»

«እዚህ ደብተራ ከየት አውቄ?»

«እኔስ ከየት ላውቅ? ልጅቷን ጠይቂያታ።»

አልጠበቅሁም። ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁት ጠበል ነበረኝ፤ በስመ አብ ብዬ ረጨሁት፣ በጨርቅ አሸሁት። ጎረቤቴም «ቢስሚላሂ» እያለች ባልዲ ያዘችልኝ። ግማሹ እንደጠፋ ልጄ በረዶውን በፌስታል ይዛ ገባች።

«እማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ማነው ይሄን የጻፈብሽ?»

«እኔ ነኛ። ትሪጎኖሜትሪ ነው፣ የነገው ሒሳብ። ወረቀት ላይ አልያዝልኝ አለ፣ በትልቁ ልየው ብዬ።»

«ይቺ ዓይንስ?»

«ቴታ ናት፣ የግሪክ ፊደል፤ ያቺ ዓሣ የመሰለችሽም እንደሷው ፊደል ናት። የማናውቀውን አንግል በሷ እንጠራዋለን። ትንሿ ክብ ደግሞ ዲግሪ ናት።»

«ለማታውቁት ነገር ለምን ስም ታወጡለታላችሁ?»

«ስም ከሌለው እንዴት እንፈልገዋለን?»

ጎረቤቴ ባልዲውን አስቀመጠች። «አላህ ይይልሽ፤ ሒሳቡን ክርስትና አነሳሽው እኮ» ብላ እየሳቀች ወጣች።

እኔ ሳቁ አልመጣልኝም። ያጠፋሁት ነገ የሚጠየቀው ቢሆንስ? «መምህርሽ ጋ ሂጂና ገልብጪ» አልኳት።

«አያስፈልግም። ሻሽሽን ስጪኝ።»

አራት ማዕዘን ሻሼን ከጥግ እስከ ጥግ አጠፈችው። «ጥጉ ዘጠና ነው። ሲታጠፍ ይኸው፣ አርባ አምስት።» ጠመኔዋን አንስታ ጻፈች። ሠላሳ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። ከንፈሯን ነከሰች። ገደልኋት አልሁ በልቤ። ከዚያ ሦስት ጎኑ እኩል የሆነ ነገር ሳለች፣ ከአናቱ እስከ ግርጌው በመስመር ከፈለችው። «ጥጉ ስድሳ ነው፤ ለሁለት ሲሆን ሠላሳ» አለች፣ ለኔ ሳይሆን ለግድግዳው። ማጉረምረሟ ይኸው ኖሯል።

እርጥቡ ጣውላ ጠመኔ አልቀበል አላት። «እማ፣ እዚህ ጋ አድርቂልኝ» አለችኝ። ሻሼን ይዤ ከፊቷ ከፊቷ እያደረቅሁ ሄድሁ፤ እሷ ሳትቆም ከኋላዬ ትጽፋለች።