ከግሩፑ የተወገደችው ልጅ ጉዳይ ቅሬ ፊት ሲታይ

አበልጄ የስነ ዜጋና ስነ ምግባር መምህር ነበር። የሱን ክፍልና የእኔን የሒሳብ ክፍል የሚለየው ቀጭን ግድግዳ ስለሆነ፣ ስለ ሕግ የበላይነት ያስተማረውን ሁሉ ከተማሪዎቹ እኩል ሰምቻለሁ። ማንም ሰው ሳይደመጥ አይፈረድበትም። የተከሰሰ ሰው የተከሰሰበትን ነገር የማወቅ መብት አለው። በሕግ ፊት ሁሉም እኩል ነው። ይህን ሁሉ ደረቱን ነፍቶ አስተምሮ ወደ መምህራን ማረፊያ ይገባና፣ ሻይ አዝዞ፣ ስልኩን አውጥቶ ሰው ያባርር ነበር።

የሚያባርረው ከፌስቡክ ግሩፕ ነው። ግሩፑን የመካነ ሰላምና የአካባቢዋ ተወላጆች እንዲገናኙበት ብሎ የከፈተው እሱ ነው። ሕግ አውጪውም፣ ከሳሹም፣ ፈራጁም እሱ። ስለ ሥልጣን ክፍፍል ለማስተማር አንድ ሙሉ ሳምንት የሚፈጅ ሰው እዚህ ላይ ጊዜ ቆጥቧል። አባላቱ ግማሾቹ እዚሁ አገር ቤት፣ ግማሾቹ ጅዳ፣ ዱባይና ኩዌት ነበሩ። የአጅባርና የማሻ ልጆችም ገብተው «አካባቢዋ» የሚለው ቃል እስከየት እንደሚደርስ ሲጨቃጨቁ ይውሉ ነበር።

ዘመኑ ገዢው ግንባር አገሩን አንድ ለአምስት ያደራጀበት ስለነበር፣ የግሩፑ የመጀመሪያ ሕግ «ፖለቲካ ክልክል ነው» ይላል። ፖለቲካ ምን እንደሆነ ግን የትም አልተጻፈም። እኔ እያየሁ እያየሁ የተማርኩትን ልንገራችሁ፤ ጤፍ ተወደደ ማለት ፖለቲካ ነው፣ ጤፍ ረከሰ ማለት ደግሞ ልማት ነው። መብራት ጠፋ ያለ ሰው ተባርሯል። መብራት መጣ ብሎ የጻፈ ሌላ ሰው፣ ሄዶ ነበር ማለትህ ነው ተብሎ ማስጠንቀቂያ ደርሶታል።

ከእኛ ቤት አጥር የሚጋሩ አንድ እናት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ያላቸው አንዲት ልጅ ናት፤ እሷም ኩዌት ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ከመሄዷ በፊት አጅባር የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለሚሠራ ልጅ ታጭታ ነበርና፣ ስትመለስ ሰርጉ እንዲሆን ሁለቱ ቤተሰቦች ተስማምተዋል። ልጅቷ ግሩፑን ትወደው ነበር። ዝናብ መጣ ወይ፣ ገበያው እንዴት ዋለ፣ እባካችሁ የእናቴን ሰፈር ፎቶ አንሱልኝ እያለች ትጠይቃለች። ፎቶውን የማነሳላት እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን አበልጄ የቦኖ ውሃ ምረቃ ፎቶ ለጠፈ። ሪባን አለ፣ መቀስ አለ፣ የሚያጨበጭብ ሰው አለ። ቦኖው የቆመው ከልጅቷ እናት ቤት ፊት ለፊት ነው። ከሥሩ «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚል ኮመንት ተደርድሯል። ልጅቷ ደግሞ «እሰይ! ውሃውስ መጣ?» ብላ ጻፈች።

ይኸው ነው። ከዚህ የጨመረችው አንድ ፊደል የለም። እናቷ ጀሪካን ተሸክመው ወንዝ ይወርዱ ስለነበር መጠየቋ ነው። ከሰዓት በኋላ ኮመንቱ ጠፋ፣ ልጅቷም ጠፋች፣ በምትካቸው ማስታወቂያ ወጣ። «አንዲት ኩዌት የምትገኝ አባላችን የግሩፑን ሕግና ሥነ ምግባር በመጣሷ ተወግዳለች። ለሌሎቻችሁም ትምህርት ይሁን» ይላል። ሰው ላይክ አደረገ። «ተገቢ እርምጃ» ያለም አለ። ምን አድርጋ ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

እኔ አንጀቴ ቅጥል ብሎ «ውሃው መጣ ወይ ማለት የትኛውን ሕግ ይጥሳል?» ብዬ ጻፍኩ። ኮመንቴ ወዲያው ተሰረዘ። እኔ ግን አልተባረርኩም። ለምን ቢባል፣ የልጄ ክርስትና አባት ነዋ! በሕግ ፊት ሁሉም እኩል ነው፣ አበልጅ ሲቀር።

ከዚያ ወሬው ከስልክ ወርዶ መንደር ገባ። የእኛ አገር ሰው ከማኅበር መባረርን የሚያውቀው በቅሬ ነው። ቅሬ ማለት ክርስቲያኑም እስላሙም አብሮ ሬሳውን የሚያነሳበት፣ አብሮ የሚያለቅስበት ማኅበር ነው። ከቅሬ የወጣ ሰው እሳት የሚያበድረው፣ ሲሞት የሚቀብረው የለም፤ ስለዚህ ቅሬ በቀላል ነገር ሰው አያስወጣም። ተጠርቶ፣ ተመክሮ፣ ተቀጥቶ አልመለስ ያለ ነው የሚወጣ። እናም ሰው በዚሁ ልኩ አሰበ፤ ይህች ልጅ እንዲህ የተደረገችው ምን የሚያህል ጉድ ብትሠራ ነው? «ሥነ ምግባር» የሚለው ቃል ደግሞ የቀረውን ሥራ ሠራ። ወንዝ የወረዱ ሴቶች ከአሠሪዋ ቤት ጠፍታ ነው አሉ። ገበያ ላይ ሲደርስ ዲቃላ ወልዳለች ተባለ። የእጮኛዋ እናት ሳይቀሩ ይህንኑ ሲያወሩ ተሰሙ፣ ከዚያም የልጁ ቤተሰብ «ሰርጉ ትንሽ ይቆየን» ብሎ ላከ።

እናትየው በማግስቱ እኔ ዘንድ መጡ። ዓይናቸው አብጧል።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ልጅቱ ምን አጥፍታ ነው?»

«ውሃው መጣ ወይ ብላ ነው የጠየቀች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም እማማ።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ» አልኩ፤ ማተቤን አንገቴ ላይ እንዳሰርኩ። እዚህ አገር ይህ ማንንም አያስገርምም።

እሳቸውም ነጠላቸውን አጣፍተው ቀጥ ብለው የሄዱት ወደ ቅሬው ዳኛ ነው። እኔ ፌስቡክና ቅሬ እንደማይገናኙ ላስረዳ ሞክሬ ነበር። ዳኛው፣ ፂማቸው የሸበተ ሽማግሌ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። ማኅበር ማኅበር ነው፤ ሰው ተባርሯል፤ ያባረረው ይጠራ። አበልጄ በዓለም ላይ ያለ ፍርድ ቤት ሁሉ ቢጠራው ምናልባት ይቀር ይሆናል። ቅሬ ሲጠራው ግን መጣ። እሱንም ነገ የሚቀብረው ቅሬ ነው።

ከአንድ ቀብር መልስ ሽማግሌዎቹ ግንድ ላይ ተቀምጠው ጠየቁት። እኔም ምስክር ተብዬ ቆሜ ነበር።

«ልጄ፣ ስትፈርድባት ልጅቱ የት ነበረች?» አሉት ዳኛው።

«ኩዌት።»

«ጠርተህ ጠየቅሃት?»

«እዚያ መጠራራት የለም ጋሼ። አንድ ቦታ መጫን ብቻ ነው።»

«ስትጫን ማን አብሮህ ተቀመጠ?»

«ማንም።»

«ፍርዱ አላግባብ ነው ያለ ሰውስ ለማን ይላል?»

አበልጄ ትንሽ አሰበና «ለእኔ» አለ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ግድግዳ አልፎ ሲሰማኝ የኖረው ያ ድምፅ ዛሬ ከአንገቱ በላይ አልወጣም። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ።

መልሳት አሉት፤ እሺ አለ። በዚያው ዕለት ግሩፑ ላይ «በአገር ሽማግሌዎች ልመና አባሏ በይቅርታ ተመልሳለች» ብሎ ጻፈ። እኔም የምሥራች ይዤ ሮጥኩና ለእናትየው አነበብኩላቸው። ፊታቸው ከሰል መሰለ።

«ምን አጥፍታ ነው ይቅር የሚላት? ጭራሽ ጥፋቷን አጸናው እኮ!»

እኔ የሁለት ዲግሪ ባለቤት ይህ አልታየኝም ነበር። ልጅቷም ስልክ ደውላ ያለችው ይህንኑ ነው፤ በይቅርታማ አልገባም፣ ምን እንዳልኩ ይጻፍልኝ።

አበልጄ እንደገና ተጠርቶ ምክንያቱን እንዲጽፍ ተጠየቀ። «እሱን ብጽፍ ውሃው አለመምጣቱን እኔ አወጅኩ ማለት ነው» አለ። «ከሥራዬ ያነሱኛል ጋሼ። ልጆች አሉኝ።» ውሸቱን አልነበረም። በዚያን ጊዜ በዚህ የሚነሳ ሰው ነበር፤ እሱ የሚያባርረውም እንዳይባረር ነበር። አሳዘነኝ፤ ንዴቴ ግን አልበረደም።

«አንተ ከፈራህ እኔ እናገረዋለሁ» አሉ ዳኛው። «የኔን ሥራ የሚነጥቀኝ የለም፤ ደመወዝ የለው።»

በቀጣዩ ለቅሶ ድንኳኑ ሞልቶ፣ የቀበሌው ሊቀመንበርም ከፊት ተቀምጠው ሳለ፣ ዳኛው ተነሡ። «የእገሊት ልጅ ከዚያ ከስልኩ ማኅበር የወጣችው ውሃው መጣ ወይ ብላ ስለጠየቀች ነው። ሌላ ነውር የለባትም። ያማ ሰው ምላሱን ይሰብስብ» ብለው ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ወንዝ ወርደው ሲያወሩ የነበሩት ሴቶች አንድ በአንድ እየተነሡ ወደ እናትየው ሄደው «አፉ ይበሉን» አሉ። እሳቸውም እያለቀሱ አፉ አሉ።

ሳምንት አልሞላም፣ የእጮኛዋ ሽማግሌዎች መጡ። እኔም ለሴቷ ወገን ተቀመጥ ተብዬ ነበር። ዳቦ ተቆረሰ፤ የልጁ አባትም «አልሐምዱሊላህ፣ ወሬው ጠራ፤ እንግዲህ ቀን እንቁረጥ» አሉ።

«ቀኑ ይቆረጣል» አሉ እናትየው። «ልጅዎ ከዚያ ማኅበር አለበት?»

«አለበት እንጂ! ሌት ተቀን እዚያው ነው።»

«ልጅቱ የጠየቀችውን ያን ጊዜ አይቶት ነበር?»

አባትየው ነገሩ የት እንደሚሄድ አላወቁም። «ኧረ አይቶ እንደውም ወዶላት ነበር አሉ፣ ላይክ የሚሉትን።»

«እንግዲያ ስሟ ሲጠፋ ንጹሕ መሆኗን ያውቅ ነበር።»

ዳቦ የሚያኝከው ሁሉ ማኘኩን ተወ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ልጃችን እዚህ በሌለበት ባይፈረድ ምን ይመስልዎታል?» አሉ።

«ደግ ተናገሩ» አሉ እናትየው። «ይጠራ።»

ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ፤ ለሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረግሁት። ልጁ አነሳ። ሰላምታው አለቀና እናትየው ጠየቁት። አዎ፣ ኮመንቱን አይቷል። አዎ፣ ለምን እንደወጣች ያውቃል። አዎ፣ እናቱ የሚያወሩትንም ሰምቷል።

«ታዲያ ለምን አልተናገርህላትም ልጄ?»

ልጁ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እኔንም እንዳያስወጡኝ ፈርቼ ነው» አለ።

«ከሥራ?»

«አይ… ከግሩፑ።»

እናትየው ስልኩን ለእኔ አቀበሉኝ።

«እዚያው ይቆይ በለው» አሉ።