የበረዶው ዳር ሸረሪት

ባለፈው መጋቢት እማዬን ገበያ ይዣት ወጥቼ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ግሮሰሪው ፓርኪንግ ጥግ ላይ፣ ዊንተሩን ሙሉ እየጠረጉ የከመሩት በረዶ ጠቁሮ እያለቀ ነው። በረዶው ለቆት በሄደው እርጥብ አስፋልት ላይ አንዲት ትንሽ ሸረሪት ትሄዳለች። መኪናውን አቁሜ ፈዝዤ ቀረሁ።

«ምነው? ውረጂ እንጂ!» አለችኝ እማዬ።

ኮሌጅ ፓርክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ሰመር ጆብ አግኝቼ አላስካ ሄጄ ነበር። ሥራው ያስቃል። የበረዶ ግግር እየቀለጠ ወደ ኋላ ሲሸሽ ባዶ ጠጠር ትቶ ይሄዳል። እዚያ ጠጠር ውስጥ የፕላስቲክ ኩባያ አፉን ከመሬቱ ጋር አስተካክለን እንቀብርና በማግስቱ ምን እንደገባበት እናያለን። ሣር የለ፣ ቅጠል የለ፤ ግን ሸረሪት አይጠፋም፣ ጥቁር ጥንዚዛም እንዲሁ። ራታችን የቆርቆሮ ባቄላ ነው፣ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። እኔ ግን ምን ልዋሽ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

አባዬ እዚሁ አቅራቢያችን አሌክሳንድሪያ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ያን ጊዜ ልቡን ታሞ ቤት ውሏል። «ሂጂ፣ እኔ የትም አልሄድም» ብሎ የሸኘኝ ራሱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰፈርንበት በታች ወዳለው መንደር ወርጄ ሱቁ በር ላይ ካለው ስልክ እደውላለሁ። ስለ ሸረሪቶቹ ስነግረው ሳቁን ለቀቀው።

«ቆይ፣ ሣር ከሌለ ዝንብ የለም። ታዲያ ይሄ ጅል ሸረሪት ምን በልቶ ነው የሚኖረው?»

«ጠይቄ እነግርሃለሁ» አልኩት።

አለቃችንን ጠየቅኳት። ነፋሱ ነው አለችኝ። ከታች ከሸለቆው ጥቃቅን ነፍሳት እያነሳ ባዶው መሬት ላይ ይጥላል፤ ሸረሪቱ እነሱን እየለቀመ ይኖራል፣ ሣሩ ኋላ ይደርሳል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እየሮጥኩ ወረድኩ። ስልኩን ያነሳችው እማዬ ናት። «ተኝቷል» አለች። በሌላውም ቅዳሜ ተኝቷል።

«ቀስቅሺልኝ እንጂ፣ መልሱን አግኝቻለሁ!»

«ለእኔ ንገሪኝ፣ እነግርልሻለሁ» አለችኝ። ነገርኳት። ድምጿ ሻክሯል፤ ጉንፋን ነው ስትለኝ አመንኳት።

ስመለስ አክስቴ ከኤርፖርት ተቀብላኝ ቤቷ አሳደረችኝ። ንጋት ላይ ዘመድ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ሲገባ ገባኝ። ወየው! አባዬ ከተቀበረ ሰንብቷል። «ብቻሽን ሰው አገር ሆነሽ፣ መርዶ እንዴት በስልክ ይነገራል?» አሉኝ። በማን ልፍረድ? አዝነውልኝ ነው። ከማልቀስ ሌላ አቅም አልነበረኝም።

ፓርኪንጉ ላይ እማዬ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርጋ ሸረሪቷን አየቻት።

«ነፋሱ ያመጣላታል» አለች።

ክው አልኩ። «አልረሳሽውም?»

«እነግርልሻለሁ አላልኩሽም? በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መቃብሩ ጋ ቁጭ ብዬ ነገርኩት።»

ይህን ሁሉ ዘመን መልሱ ያልደረሰ ይመስለኝ ነበር።

«ምን አለሽ?» አልኳት፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ እንደ ሕፃን።

«ምን ይላል፣ ልጄ» አለች። ገበያው ይዘጋል እያልን፣ ሁለታችንም ከመኪናው መውረድ አቃተን።