ሲሚንቶ ያለበስነው አቡጀዲ

ባለፈው ሳምንት መካነ ሰላም ውስጥ ሳሙና ልገዛ የገባሁበት ሱቅ በካርድ ማስከፈል ሊጀምር ሽር ጉድ ይላል። ማስታወቂያው በሩ ላይ ተለጥፏል፤ ማሽኑም አዲስ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በዳንቴል ተሸፍኗል። ሥራ መቼ እንደሚጀምር ገንዘብ ተቀባይዋን ጠየቅኋት። «ኔትወርክ ሲስተካከል» አለችኝ፣ ስለ ዳግም ምጽአት እንደምታወራ ሁሉ በእርጋታ።

ይህችን ከተማ ማሽኑ ሳይሆን ለማሽኑ መዘጋጀቱ ደስ ይላታል። በደርግ ጊዜም እንዲሁ ነበርን።

ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የቀበሌው ኅብረት ሱቅ የዝግጅት ኮሚቴ ፀሐፊ ሆኜ ነበር። ስኳሩም ሳሙናውም ጨርቁም በቀበሌ ካርድ የሚሸጥበት ዘመን ነው። ካርዱን እየዋጠ ቀኑንና መጠኑን የሚመታ የኤሌክትሪክ ማሽን ከደሴ ይመጣል ተባለ። መብራት ማምሻውን ብቻ በሚበራበት ከተማ፣ ቀን ቀን ብቻ ለሚከፈት ሱቅ! ማንም አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅሁም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ያኔ አድኃሪ እንጂ ብልህ አያሰኝም።

ስለዚህ ተዘጋጀን። ለማሽኑ መቀመጫ የሲሚንቶ መደብ አሠራን። የነዋሪውን ካርድ ሁሉ ሰብስበን፣ አይተነው ለማናውቀው ማሽን አፍ እንዲመጥን ዳር ዳሩን በመቀስ ከረከምን። ሱቁ እስኪመረቅ ተዘጋ። ማሽኑ ግን በነሐሴ ጭቃ የሆነ ቦታ ቀረ። ሊቀመንበራችን ይህ እንዲሰማ አልፈለገም፤ ባዶ ካርቶን መደቡ ላይ አስቀመጠና በሱቁ የቀረውን አቡጀዲ ሳያስቆርጥ፣ እጥፍ በእጥፍ አለበሰው። ቅዳሜ የክብር እንግዳው ይገልጡታል ተባለ። ምኑን እንደሚገልጡ አልተነገረንም።

ሐሙስ ጠዋት፣ ጉሙ ገና ከመንገዱ ሳይነሳ፣ ጫማ ሰፊው ሰይድ ከጎረቤቶቹ ጋር መጣ።

«ጓድ ፀሐፊ፣ እናቴ አርፋለች። ለከፈን አቡጀዲ ፈልጌ ነው።»

«ካርድህስ?»

«ካርዴማ እናንተው ዘንድ ነው።»

ቀብሩ ከቀትር በፊት ነው፤ ከነጋዴዎቹ ሱቅ ደግሞ ጨርቅ ከጠፋ ከርሟል። እስከ ቅዳሜ ታገሥ አልኩት። የሞተች ሴት እንድትታገሥ!

የሱቁ ሻጭ መሪጌታ ላቀው፣ ቀድሞ ቅኔ ያስተምሩ የነበሩ ሰው፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠው የገብስ ቆሎ ይቆረጥማሉ። እጃቸውን አራግፈው ወደ መደቡ ሄዱ።

«መሪጌታ፣ እንዳይነኩት» አልኩ። የሳሳሁት ለጨርቁ አልነበረም፤ ካርቶኑ እንዳይታይብን ነው።

«ወላሂ፣ አንተ ልጅ፣ ሲሚንቶ አይበርደውም» አሉና ሳቡት።

ካርቶኑ ወድቆ እየተንከባለለ ደጃፉ ላይ አፉን ከፍቶ ቆመ። ሳቁን ጠበቅሁ። ዞር ብሎ ያየው እንኳ አልነበረም። መሪጌታና ሰይድ አቡጀዲውን ጫፍና ጫፍ ይዘው አቧራውን አራገፉ፣ አጠፉት፤ ሁሉም ተከትሏቸው ሄደ። ያን ያህል የደበቅነውን ምስጢር ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው አልነበረም።

የክብር እንግዳው አልመጡም። ቅዳሜ መሪጌታ «ንብረት አባካኝ» ተብለው የሱቁን ቁልፍ አስረከቡ። ቁልፉን የተረከብኩት እኔ ነኝ፤ በጥንቃቄዬም ተመሰገንኩ።

ባለፈው ሳምንት ሳሙናዬን ይዤ ከመውጣቴ በፊት ዳንቴሉን ገለጥ አደረግሁት። ከሥሩ እውነትም ማሽን አለ። ልጅቱ የጓጓሁ መስሏት ፈገግ አለች። እኔ ግን ጨርቁን በዓይኔ እየለካሁ ነበር። ለሕፃን ከፈን እንኳ አይበቃም።